ይድረስ፦ ጣርማ በርን ለምታስተዳድሩ፣ መንገዱን ለምትጠግኑ፣ በዚያ በኩልም ለምታልፉ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ጉዳዬ አንድ ነው። በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል ባለው በጣርማ በር ጫፍ ላይ፣ መኪና በሚያልፍበት ዋሻ አፍ አጠገብ፣ የቦታው ስምና ታሪክ የተጻፈበት ሰሌዳ ይቁም። ከሰሌዳው አጠገብም መኪና ከመንገዱ ወጣ ብሎ በሰላም የሚቆምበት ቦታ ይሠራ። ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። ለምን እንደምጠይቅ ግን ዘርዘር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ነገሩ ብዙ ጊዜ ሆዴ ውስጥ ከርሟል።

ባለፈው ክረምት መውጫ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ እየመጣሁ ነበር። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፤ ዳገቱን ጀመርን። ጉሙ ከላይ እየወረደ ነው። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ከፊቴ ከተቀመጡት ሁለት ልጆች አንዱ ጓደኛውን "ይሄ የሙሶሊኒ ዋሻ ነው" አለው። ጓደኛው "እሱ ነው የሠራው?" ብሎ ጠየቀ። "አዎ፣ ጣሊያን ነው" አለው። ወሬው እዚያው አለቀ። ከዋሻው ወጣን፣ ሜዳው መጣ፣ ሁለቱም ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ። እኔ ግን እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ውስጤ እንደተቃጠለ ሄድኩ።

ልጆቹን አልወቅስም። ማን ነግሯቸው ያውቃሉ? በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ወጥቼ እንደወረድኩ እኔ ራሴ አላውቀውም፤ አንድም ቀን "እዚህ ቦታ እንዲህ ሆነ" የሚል ጽሑፍ አላየሁም። ያልተጻፈ ነገር ቦታውን ለሌላ ስም ይለቃል። ሀገሬው ጣርማ በር ይለዋል። በብዙ የቱሪስት ወረቀትና ካርታ ላይ ግን የምታገኙት የዚያን ሰውዬ ስም ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መጀመሪያ ረዳት ሆኖ ነው የገባው፤ ዳገት ላይ መኪና ሲቆም ዘሎ እየወረደ ጎማ ስር ታኮ የሚያስገባ ልጅ። ኋላ መሪ ያዘ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ አንዳንዴም ከዚያ ወዲያ። ከሃያ ዓመት በላይ ጣርማ በርን ወጥቷል፣ ወርዷል። ሕፃን ሆኜ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦኝ ሲወርድ "ይሄን ዳገት በየትኛው ማርሽ ትወጣዋለህ? በዚያው ማርሽ ውረደው፤ ፍሬን ላይ አትተኛ" ይለኝ ነበር። ለእኔ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ነበር የሚመስለኝ። ስለዚህ የምጽፈው ነገር ግማሹ ከንባብ ነው፣ ግማሹ ከአባቴ ነው።

እስቲ ቦታውን ላሳያችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን አልፋችሁ ደብረ ብርሃን ስትደርሱ 130 ኪሎ ሜትር ሄዳችኋል። አገሩ ሜዳ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ባህር ዛፍ፣ የድንጋይ ካብ። ብርዱ ባይኖር ከፍታ ላይ መሆናችሁን አትጠረጥሩም። ከደብረ ብርሃን በኋላም ሜዳው ትንሽ ከፍ ዝቅ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ መሬቱ ያልቃል። ሌላ አገላለጽ አላገኘሁለትም፤ በቃ ያልቃል። ከፊታችሁ ሰማይ ብቻ ይሆናል። ከእግራችሁ ስር ደግሞ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና ስር ጎራ፣ ከጎራው ስር ሌላ ጎራ፣ ከዚያ ወዲያ በሙቀት የደበዘዘው የአፋር ቆላ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን የደረሰ ሰው አይረሳውም።

ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ሮቢት ላይ ሹራቡን አውልቆ ማንጎ ይገዛል። ከገብስ ወደ ማሽላ፣ ከማሽላ ወደ ማሾና ፓፓያ ትወርዳላችሁ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልን ትምህርት ቤት በሥዕል የተማርነውን እዚህ በመስኮት ታዩታላችሁ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን አንድ ቀን ይዘው ቢወርዱ የአንድ ዓመት ትምህርት ነው እላለሁ።

ገደሉ የስምጥ ሸለቆው የምዕራብ ግድግዳ ነው። ድንጋዩ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከመሬት ውስጥ እየወጣ በላይ በላይ የተነጠፈ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው። መንገዱ ዳር ያለውን ግድግዳ ልብ ብላችሁ ካያችሁት እንደ እንጀራ ተደራርቧል። በኋላ መሬቱ ተሰነጠቀ፣ የምሥራቁ ወገን እየሰመጠ ሄደ፣ የእኛው ወገን ከላይ ቀረ። ጂኦሎጂ የተማራችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የደጋውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብር ከታች ወደ ላይ ስትቆጥሩ አሸንጌ፣ አይባ፣ አላጂ፣ ጣርማ በር ትላላችሁ። ከላይ ያለው የጋሻ ቅርጽ ካላቸው ትልልቅ እሳተ ገሞራዎች የወጣው ድንጋይ በሳይንስ መጽሐፍ የሚጠራው በዚህ ቦታ ስም ነው። ከዚህ እጅግ ርቆ የሚገኝ ድንጋይ ላይ ቆሞ የሚጽፍ ተመራማሪ እንኳ "ጣርማ በር" ብሎ ይጽፋል። ዓለም የሚያውቀውን ስም እኛ መንገዱ ላይ አልጻፍነውም።

ውሃውም እዚሁ ላይ ይለያያል። ከጫፉ በምዕራብ በኩል የወረደው ዝናብ በሞፈር ውሃና በሌሎች ወንዞች ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ካርቱምንና ካይሮን አልፎ ባሕር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል የወረደው በሮቢና በመሰል ወንዞች ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር አጠገብ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ሁለት እርምጃ ተራርቀው የወደቁ ሁለት ጠብታዎች አንዱ ሜድትራኒያን፣ አንዱ በረሃ። ይህን ለአባቴ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና "እኔ እኮ ራዲያተር የምሞላበትን ውሃ ብቻ ነው የማውቀው" አለኝ።

ጉሙን ሹፌሮች ጠላት ያደርጉታል፤ አይፈረድባቸውም። ከቆላው የሚነሳው እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል። ከታች ደብረ ሲና ላይ ፀሐይ ሆኖ ከላይ የራሳችሁን የመኪና አፍንጫ የማታዩበት ቀን ብዙ ነው። ግን ያው ጉም ነው የወፍ ዋሻን ደን የሚያጠጣው። ወፍ ዋሻ ከደብረ ሲና ወደ አንኮበር በሚወስደው ገደል ላይ የቀረ ጥንታዊ ደን ነው፤ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ከላይ ደግሞ አስታና ጅብራ። አፈ ታሪኩ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ጥድ ያስተከሉት ከዚህ ደን በመጣ ዘር ነው ይላል። ከከተማው አጠገብ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ዘመዱ እዚህ ገደል ላይ ነው ማለት ነው። ጭላዳዎቹንም አትርሱ። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የማይገኙት ጭላዳዎች ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጩ ውለው ማታ ገደሉ ውስጥ ገብተው ያድራሉ። ልጅ ሆኜ ቆጥሬ ልጨርሳቸው እሞክር ነበር፤ አንድም ቀን አልተሳካልኝም።

አሁን ስለ ስሙ። በእኛ ቋንቋ ከተራራ ወደ ተራራ፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚያሳልፍ ቦታ "በር" ነው የሚባለው። ጣርማ በር በር ነው። ትንሽ ወደ ደቡብ በዚያው ገደል ላይ ያለው አንኮበርም የአንኮ በር ማለት ነው ይባላል። በር ያለው ቤት ሰው ይኖርበታል፤ በር የሚጠብቅ አለ፣ በር የሚዘጋ አለ፣ እንግዳ የሚቀበል አለ። የሸዋ ነገሥታት በአንኮበር በኩል ከባሕሩ ጋር ይገናኙ ነበር፤ ነጋዴው ከታጁራ በበረሃ መጥቶ ከገደሉ ስር አልዩ አምባ ላይ ያርፍ ነበር። የጣርማ በሩ ደግሞ ወደ ይፋት፣ ወደ ወሎ፣ ወደ ሰሜን ነው። ወደ መንዝ የሚገነጠለውም መንገድ እዚያው ጫፉ ላይ ነው፤ መዘዞን፣ ሞላሌን አልፎ መሐል ሜዳና ጓሳ ይደርሳል።

ወደ 1928 ዓ.ም. ልምጣ። የደብዳቤዬ ልብ እዚህ ነው።

ማይጨው ላይ ጦራችን ከተሸነፈ በኋላ ጣሊያን ደሴን ያዘ። የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተነሳው ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ነበር። በእግር የሚሄደው የኤርትራ ጦሩ በወረኢሉ በኩል ወጣ። መኪናው ግን ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ በጣርማ በር ማለፍ ነበረበት። ያን ጊዜ ዋሻ የለም። መንገዱም መንገድ የሚባል አልነበረም፤ ጭቃና ድንጋይ ነው። በሩን ያወቀ ሁሉ ጠላት የሚቆመው እዚያ መሆኑን ያውቅ ነበር።

እዚያ እንዲከላከሉ የተላኩት እነማን ነበሩ? ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር፤ ያሠለጥኑ የነበሩት የስዊድን መኮንኖች ናቸው። ካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚባለው ስዊድናዊና ክፍሌ ነሲቡ ወጣቶቹን ይዘው ወደ ጣርማ በር ወጡ። ብዙዎቹ ገና ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ ነበሩ። ከሰሜን የሚመጣው ሰው ሁሉ የተበተነ፣ የቆሰለ፣ በመርዝ ጋዝ የተቃጠለ ነው። እነሱ ደግሞ ወደ ፊት እየሄዱ ነው። የታሰበው መከላከል እንደታሰበው አልጸናም። ጦሩ ተፈታ። መንገዱ ግን ተቆርጦ ነበር፤ የባዶሊዮ መኪኖች ገደሉ ላይ ተደርድረው መንገዱ እስኪጠገን ከአንድ ቀን በላይ ቆመው ቀሩ። ያ ሁሉ ሞተር፣ ያ ሁሉ ጎማ፣ ከላይ አውሮፕላን፣ እንደ አባቴ መኪና ዳገት ላይ ታኮ ገብቶለት ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ገባ። የጣሊያን ጦር ጣርማ በርን ካለፈ በኋላም በሰላም አልሄደም። ጫጫ አካባቢ ኃይለ ማርያም ማሞ አድፍጦ ጠበቀው። የሸዋ አርበኝነት የተጀመረው ያን ጊዜ ነው የሚሉ አሉ። ቀጥሎ ያሉትን አምስት ዓመታት ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋ፣ በአንኮበር ጎራ ለጎራ ሲዋጉ ኖሩ። ከሆለታዎቹ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው ከጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር ጎን ተሰልፈው ጣሊያንን ተዋጉ፤ ኋላም ከራስ እምሩ ጋር ተያዙ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ጣሊያን የተማረ ወጣት እየለቀመ ሲገድል ከእነሱ ውስጥ የተረፈ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። እነዚህ ልጆች የቆሙበት ቦታ ላይ ስማቸው የለም። የገደላቸው ሰው ስም ግን በየመንገደኛው አፍ ላይ አለ።

ዋሻውን ጣሊያን አስቆፈረው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ መንገድ ሲዘረጋ ጣርማ በር ላይ ገደሉን ከመዞር ተራራውን መብሳት መረጡ። ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ፣ በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ብርድ። መሐንዲሶቹ ሥራቸውን ያውቁ ነበር። ግን ድንጋዩን የፈለጠው፣ አፈሩን የዛቀው ማን ነው? ሮም ሆኖ ፎቶ የሚነሳው ሰውዬ አይደለም። ከጣሊያን ከመጡት ሠራተኞች ጋር የእኛም ሰው ነው፤ ስማቸው የማይታወቅ የቀን ሠራተኞች። ወታደሩና መድፉ እንዲያልፍ ተብሎ የተሠራውን መንገድ ሰማኒያ ዓመት በላይ ስንዴና ጨው፣ ሲሚንቶና ሽንኩርት፣ ሙሽራና ሕመምተኛ ያመላለሱበት ደግሞ የእኛ ሹፌሮች ናቸው። የሰዎች ስም ይግባው ከተባለ የሚገባው ለእነሱ ነው። ለእኔ ግን የሰው ስም ሳያስፈልግ "ጣርማ በር" ይበቃል። ዋሻው ከመኖሩ በፊት የነበረ ስም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሳ፤ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች በኋላ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በዚሁ በር ወርደው ወደ ደሴ ገሰገሱ። ኮምቦልቻ ላይ ተዋግተው ደሴን የያዙት ሚያዝያ 18 ነው። ባዶሊዮ ከደሴ ከተነሳ ልክ አምስት ዓመት፣ በዚያው ቀን። የጣሊያን ጦር በገባበት በር ተመልሶ ተባረረ። ንጉሠ ነገሥቱም አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ሚያዝያ 27ን ሁላችንም እናከብራለን፣ አራት ኪሎ ሐውልት አለው። ሚያዝያ 18ን ግን የሚያስታውሰው የለም። ጣርማ በር ላይ ቢታወስ ቦታው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብዙ አላወራም፤ ታውቁታላችሁ። የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ እነዚህን የተጎዱ መንገዶች ማደስ ያዘ። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ ከገደሉ ስር፣ ይዛባ በሚባለው በኩል፣ መሬቱ ተንሸራቶ ብዙ ገበሬ ቤቱንና ማሳውን አጣ፤ ገደሉ ዛሬም አላረፈም፣ በየክረምቱ የተወሰነ ድንጋይ ይለቃል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ መጣ። በዚያ ሰሞን ልጅ አዝሎ፣ ፍራሽ ተሸክሞ ዳገቱን በእግር ወጥቶ ደብረ ብርሃን የገባው ሰው ስንት ነው! አክስቴ ከነሱ አንዷ ነበረች። "ጣርማ በር ስደርስ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ ብሞትም ግድ የለኝም ብዬ" አለችኝ። የት ጋ እንደተቀመጠች ጠየቅኋት። ዋሻው አፍ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ። ሰሌዳ ይቁም የምለው ቦታ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሰሌዳው ትልቅ ወጪ አይደለም። ድንጋዩ እዚያው ሞልቷል፤ የመንዝና የደብረ ሲና ሰው ድንጋይ መጥረብ ያውቃል። ከወርቅ ቅብ ሐውልት ይልቅ የተጠረበ ድንጋይ ቢሆን ደስ ይለኛል። ጽሑፉ በአማርኛ ይሁን፤ የሚያነበው እንግዳም ስላለ በሌላ ቋንቋም ይጨመር። ስሙ ይጻፍ፣ ከፍታው ተለክቶ ይጻፍ፣ የውሃው መለያያ በቀስት ይመላከት፤ በአንድ በኩል ዓባይ፣ በአንድ በኩል አዋሽ። የሆለታዎቹ ልጆች ይጻፉ። የሠራተኞቹና የሹፌሮቹ ነገርም አንድ መስመር ይኑረው። ሰሌዳው ከመቆሙ በፊት ጽሑፉን የታሪክ ምሁራን ይዩት፤ የአካባቢው ሽማግሌዎችም ይጠየቁ፤ እኔ የማላውቀውን የሚያውቁ ብዙ ናቸው።

ማቆሚያው ግን ከሰሌዳው ይበልጥ አስቸኳይ ነው። ዛሬ እዚያ ጫፍ ላይ መኪና ማቆም የሚፈልግ ሰው ኩርባ ላይ ይቆማል። ከኋላው ተሳቢ ይመጣል፣ ጉም አለ፣ ከዋሻው የሚወጣ አይኑ ገና ብርሃን አልለመደም። ባርኔጣና የበግ ለምድ የሚሸጡት ልጆች አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ይቆማሉ፤ መኪና ባየ ቁጥር ይሮጣሉ። ልጅ ያለው ሰው ይህን አይቶ ልቡ ይሸበራል። ከመንገዱ ሃምሳ ሜትር ገባ ያለ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ከገደሉ በኩል ግንብ ያለው ቦታ ቢሠራ ልጆቹ እዚያ ተቀምጠው ይሸጣሉ፤ ተጓዡ ወርዶ ያያል፣ ይገዛል፣ ፎቶ ያነሳል። ቡናም ይፈላል። ደብረ ሲና በቆሎዋ ስሟ የተጠራው ሰው እዚያ ስለሚቆም ነው። ጫፉ ላይም ሰው ቢቆም የጣርማ በር ሰው የራሱን ገበያ ያቆማል።

ዋሻውን በተመለከተ እኔ ባለፍኩባቸው ጊዜያት ውስጡ ጨለማ ነበር። ከጣራው ውሃ ይንጠባጠባል። መሃል ላይ ሁለት ትልልቅ መኪኖች ሲገናኙ ትንፋሽ ይያዛል። መብራት ቢገባ፣ እሱ ቢዘገይ እንኳ ግድግዳው ላይ አንጸባራቂ ቢለጠፍ፣ አፉ ላይ ቀለም ቢቀባ ብዙ ሰው ያድናል። ይህን የምታውቁት እናንተ ባለሙያዎቹ ናችሁ፤ ከእኔ ተጠይቆ የሚሠራ አይደለም። የጠየቅኩት ስለማልፍበት ነው።

ለአስጎብኚዎችና ለካርታ አዘጋጆች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። እባካችሁ ስሙን መልሱት። ወፍ ለማየት የሚመጡት እንግዶች የአንኮበርን ሰሪን ፍለጋ እዚያ ገደል ላይ ብርድ ላይ ሲቆሙ አይቻለሁ፤ ይህች ወፍ በዓለም ላይ ያለችው በእኛ ደጋ ብቻ ነው። "ዛሬ የት ሄድክ?" ሲባል "ጣርማ በር" እንዲል አድርጉት። አፉ ላይ ትንሽ ቢከብደውም ይለምደዋል። እኛም የእነሱን ስም ለምደናል።

ሹፌሮች ወንድሞቼ፣ እናንተም ተሳፋሪው ሲጠይቃችሁ ጣርማ በር በሉት። ጊዜ ካላችሁ ስለ ሆለታዎቹ ልጆች ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። ከደብረ ሲና እስከ ዋሻው ያለው ዳገት ለወሬ ይበቃል።

አባቴ አሁን ሰማኒያ ሊሞላው ነው። መሪ ከተወ ቆይቷል፤ ጉልበቱ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አነበብኩለት። ሲያልቅ "ታውቃለህ፣ እኔ እዚያ ቦታ ላይ ወርጄ ቆሜ አላውቅም" አለኝ። ስንት ጊዜ ያለፈ ሰው! እንዴት አልኩት። "የት ላቁም? ጭነት ይዣለሁ፣ ከኋላዬ ሰው አለ። በመስኮት ነው ያየሁት፤ እሱንም መንገዱን እያየሁ በዓይኔ ጠርዝ" አለኝ።

በመጪው ሚያዝያ ለዘመድ ሠርግ ደሴ እንሄዳለን። እኔ ነኝ የምነዳው። ማቆሚያው ተሠርቶ ቢጠብቀን ደግፌ አወርደዋለሁ፣ ጋቢውን አለብሰዋለሁ፣ ግንቡን ይዞ ወደ ታች ያያል። ዘንድሮ የማይደርስ ከሆነ ለከርሞም እንወርዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ የጣርማ በር ሹፌር ልጅ